ለገሃር፦ ሁለት የባቡር መሥመሮች በአንድ ሐዲድ የሚያልፉበት የአዲስ አበባ መሐል

ደብረ ታቦር፦ ከደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለጉብኝት አይሄድም፤ ወረቀት ይዞ ነው የሚሄደው። አንዱ ከሆስፒታል የተጻፈለትን የሪፈር ወረቀት በፌስታል ጠቅልሎ በጉያው ይይዛል። ሌላው የፍርድ ቤት ቀጠሮ አለበት። ሦስተኛው በባንክ ዋና መሥሪያ ቤት የሚጨርሰው ጉዳይ ይኖረዋል። በየወረቀቱ ላይ የሰፈረው አድራሻ የተለያየ ቢሆንም፣ መንገዱ ብዙ ጊዜ ሁሉንም በአንድ ሥፍራ ያሳልፋቸዋል። ያ ሥፍራ ለገሃር ነው።

ለገሃር በአዲስ አበባ እምብርት፣ በቸርችል ጎዳና ደቡባዊ ጫፍ የሚገኝ አካባቢ ነው። ስሙ «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ሲሆን «ባቡር ጣቢያው» ማለት ነው። ዛሬ የከተማዋ ሁለቱም የቀላል ባቡር መሥመሮች በዚህ ያልፋሉ። የአንበሳ ከተማ አውቶቡስ ከዋና ዋና መነሻዎቹ አንዱን በዚህ አድርጓል። ነጭና ሰማያዊ ቀለም የተቀቡት ሚኒባስ ታክሲዎችም ከየአቅጣጫው መጥተው በዚሁ ይራገፋሉ። የሀገሪቱ ታላላቅ ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶችም ዙሪያውን ከበውታል። ይህ ጽሑፍ ሥፍራው እንዴት እንዲህ እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ከእኛ አካባቢ የሚሄደው መንገደኛ የት ላይ ጊዜውን እንደሚያጣ ያስረዳል።

እንዲህ ያለው መገናኛ ሥፍራ ምን እንደሆነ ለእኛ ሰው ወረታን ጠቅሶ ማስረዳት ይቀላል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚዘልቀው ጎዳና እና በደርግ ዘመን በቻይናውያን የተሠራው፣ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወልድያ የሚደርሰው ጎዳና ወረታ ላይ ይገናኛሉ። ከጋይንት ተነሥቶ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ቀጥታ መኪና ካላገኘ ወረታ ወርዶ ሌላ ይይዛል። መኪና እስኪመጣ ምሳውን ይበላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ የፎገራ ሩዝ ይገዛል። ሆቴሉና ሱቁ የተሰበሰበው መንገደኛው ስለሚወርድ ነው፤ መንገደኛው ደግሞ ሆቴሉና ሱቁ ስላለ ይበዛል። ለገሃርም በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ከመኪናው በላይ ባቡሩ፣ ከሻይ ቤቱ በላይ ባንኩ ተጨምሮበታል እንጂ።

ባቡሩ ትቶት የሄደው ስም

ዐፄ ምኒልክ ለባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በገንዘብና በፖለቲካ ውዝግብ ለዓመታት ተጓትቶ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በሐዲዱ ሁለት ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር፣ የመሥመሩ ርዝመት ደግሞ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ከወደቡ በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው የንግድ ጉዞ በቀናት ተቆጠረ። ዛሬም ቆሞ የሚታየው የጣቢያው ሕንጻ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው።

ከዓመት በኋላ፣ በ1923 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ ከጣቢያው ፊት ለፊት የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆመ። ፋሺስት ጣሊያን ሀገሪቱን በወረረ ጊዜ ሐውልቱን ነቅሎ ወደ ሮም ወሰደው፤ በዚያም የቆመው ከሮም ዋና ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነበር። ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. በሮም አደባባይ የፈጸመው፣ በሕዝብ ዘንድ እስከ ዛሬ የሚነገረው ጀብዱ ከዚህ ሐውልት ጋር ተያይዞ ይታወሳል። ሐውልቱ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ተመልሶ በቀድሞ ቦታው ቆሟል። ከባቡር ጣቢያ ወደ ባቡር ጣቢያ ሄዶ የተመለሰ መንገደኛ ነው ማለት ይቻላል።

የሚገርመው ባቡሩ ራሱ አሁን እዚያ አለመኖሩ ነው። አሮጌው ሐዲድ በዕድሜና በጥገና እጦት እየተዳከመ ሄዶ ከለገሃር መነሣቱን አቆመ። በምትኩ የተሠራው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር፣ መነሻው በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ዳር በሚገኘው በፉሪ ለቡ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ኤግል ሂልስ የተባለው የአቡ ዳቢ ኩባንያ በአሮጌው ጣቢያ አካባቢ 36 ሄክታር ገደማ በሆነ መሬት ላይ የመኖሪያና የንግድ መንደር የመገንባት ሥራ ጀመረ። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው ብለን ብንቆጥር 144 ጥማድ መሆኑ ነው። ባቡሩ ሄደ፤ ስሙና ሰው የመሰብሰብ ልማዱ ግን ቀረ።

ሰንጋ የተሸጠበት ሠፈር

ከለገሃር ወደ ሜክሲኮ አደባባይ በሚወስደው አቅጣጫ ያለው ሠፈር ሰንጋ ተራ ይባላል። ለከብት አርቢ አንባቢ ስሙን መተርጎም አያሻም። በስሙ ብቻ የቀረው የሰንጋ ገበያ ዛሬ የባንኮች መንደር ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ያስመረቀው ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኘው እዚህ ነው። የብሔራዊ ባንክና የሌሎች በርካታ ባንኮችና የመድን ድርጅቶች ሕንጻዎችም በቅርብ ርቀት ተደርድረዋል።

ወደ ሜክሲኮ ሲዘለቅ ደግሞ ገበሬውን በቀጥታ የሚነካ ተቋም አለ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ማእከሉን ያደረገው በዚህ አካባቢ ነው። አርሶ አደሩ ወደዚያ ሄዶ አይሸጥም፤ ሰሊጡም ሆነ ሌላው ምርት የሚገባው እንደ ጎንደርና ቡሬ ባሉ ከተሞች በሚገኙ መጋዘኖች ነው። ዋጋው ግን አዲስ አበባ ላይ ይቆረጣል። በየገጠር ከተማው የተሰቀለው የዋጋ ሰሌዳ የሚያሳየው ቁጥር ከዚያ የመጣ ነው።

ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው የሜክሲኮ መንግሥት የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም በማለቱ ለዋለው ውለታ ነው። ሜክሲኮዎቹም ዋና ከተማቸው ውስጥ አንድ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ «ኢትዮጵያ» ብለው ሰይመዋል፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ «ሜክሲኮ» ላይ የሚወርድ፣ ሜክሲኮ ከተማ ውስጥም «ኢትዮጵያ» ላይ የሚወርድ ተሳፋሪ በየቀኑ አለ።

ሁለት መሥመር፣ አንድ ሐዲድ

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ግንባታ በ2004 ዓ.ም. ተጀምሮ በቻይና ሬልዌይ ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተከናወነ። ወጪው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚደርሰው መሥመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመረ። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚደርሰው ደግሞ ጥቅምት 29 ቀን 2008 ዓ.ም. ተከተለው። የመጀመሪያው መለያ ቀለም ሰማያዊ፣ የሁለተኛው አረንጓዴ ነው። በመክፈቻው ጊዜ የጉዞው ዋጋ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር።

እያንዳንዱ መሥመር 22 ጣቢያዎች አሉት። በጠቅላላው ግን 44 ሳይሆን 39 ጣቢያዎች ናቸው ያሉት። አምስቱ የጋራ ስለሆኑ ነው፤ እነርሱም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲቆጠሩ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድና ልደታ ናቸው። በእነዚህ መካከል፣ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ክፍል፣ ሁለቱ መሥመሮች ከመኪናው ጎዳና በላይ ከፍ ብሎ በተሠራ ድልድይ በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ። ከቃሊቲ የመጣው ባቡር ስታዲየም ላይ ከአያት ከመጣው ጋር ይቀላቀላል፤ ልደታን ካለፉ በኋላ አንዱ ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ ምዕራብ ይለያሉ።

ይህ አሠራር ሁለት ጥቅም አለው። ቤትና ሕንጻ በተጠጋጋበት የከተማ መሐል ሁለት ድልድይ ከመሥራት አንድ መሥራት ይቀላል። ተሳፋሪውም ከአንዱ መሥመር ወደ ሌላው ለመቀየር ረጅም መንገድ በእግሩ አይሄድም፤ ከአምስቱ በአንዱ ወርዶ የሚቀጥለውን ባቡር እዚያው ይጠብቃል።

ጉዳቱን ለመረዳት ግን የመስኖ ቦይ ማየት ይበቃል። ሁለት ምንጭ በየራሱ ቦይ መጥቶ በመሐል አንድ ቦይ ውስጥ ቢገባና ከታች እንደገና ለሁለት ቢከፈል፣ የመሐሉ ቦይ የሚሸከመው የሁለቱን ውኃ ነው። ቅጠልና ደለል የመሐሉን ቦይ ከዘጋው የሁለቱም ማሳ ይደርቃል። ባቡሩም እንዲሁ ነው። በእያንዳንዱ መሥመር በየ6 ደቂቃው አንድ ባቡር ይምጣ ብንል፣ በጋራው ክፍል በየ3 ደቂቃው አንድ ባቡር ማለፍ አለበት። ሜክሲኮ ላይ የአንዱ ባቡር በር አልዘጋ ብሎ ጥቂት ደቂቃ ቢቆም፣ ከኋላው ያለው የሌላው መሥመር ባቡርም ይቆማል። ቃሊቲ ላይ የሚጠብቀው ሰው መዘግየቱ ከአያት በመጣ ባቡር ምክንያት መሆኑን አያውቅም። በመስኖው ተራ የሚያስጠብቀው የውኃ አባት ነው፤ በሐዲዱ ላይ ደግሞ ተቆጣጣሪው በመብራት ምልክት አንዱን አስቁሞ ሌላውን ያሳልፋል። የውኃ አባት የሌለበት ቦይ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

በዚህ ላይ የባቡሮቹ ቁጥር ችግር ተጨምሯል። አገልግሎቱ የተጀመረው በ41 ባቡሮች ሲሆን፣ ከዓመታት በኋላ በመለዋወጫ ዕቃ እጥረት ብዙዎቹ መቆማቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። መለዋወጫው ከውጭ የሚመጣ፣ የውጭ ምንዛሬ የሚጠይቅ ነው። በግብርና ኮሌጅ የእርሻ መሣሪያ የተማረ ሰው ታሪኩን ያውቀዋል፤ ትራክተሩ ሲገዛ ይመረቃል፣ የሚቆመው ግን በአንዲት ትንሽ ዕቃ ነው። ባቡሮቹ ሲያንሱ በጋራው ክፍል መጨናነቁ ይቀንሳል፤ በጣቢያው የሚጠብቀው ሰልፍ ግን ይረዝማል፣ በሚመጣው ባቡርም ውስጥ እግር ማሳረፊያ ይጠፋል።

ከአውቶቡስ ተራ ወደ ለገሃር

ደብረ ታቦር ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ከ660 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በዓባይ በረሃ አድርጎ የሚመጣው አውቶቡስ ተሳፋሪውን በተለምዶ የሚያደርሰው መርካቶ አጠገብ ወዳለው አውቶቡስ ተራ ነው። ይህ ለእኛ መንገደኛ መልካም ዕድል ነው፤ በሰማያዊው መሥመር ላይ አውቶቡስ ተራ የሚባል ጣቢያ አለና። ከዚያ ወደ ቃሊቲ የሚሄደውን የያዘ ሰው ሰባተኛ፣ አብነት፣ ዳርማርና ልደታን አልፎ፣ ተግባረ ዕድንና ሜክሲኮን ተከትሎ ለገሃር ይደርሳል። መቀየር አያስፈልገውም፤ ሰባተኛው ማቆሚያ ነው።

በወልድያና በደሴ ዞሮ የመጣ መንገደኛ ግን ላምበረት መናኸሪያ ይወርዳል። ላምበረት የባቡር ጣቢያ የለውም። በታክሲ መገናኛ መድረስና ከዚያ አረንጓዴውን መሥመር ወደ ጦር ኃይሎች አቅጣጫ መያዝ ይኖርበታል። («መገናኛ» የሠፈር ስም ነው። ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» ብሎ ሲጣራ ስለዚያ ሠፈር ነው የሚናገረው፤ የመጣ ሰው ሁሉ ስለሚገናኝበት ቦታ አይደለም።)

የፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው ሰው ለገሃር ድረስ መሄድ ላያስፈልገው ይችላል፤ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ የሚገኘው በልደታ ነው። ወደ ባንኮቹ የሚሄድ ሜክሲኮ ወይም ለገሃር መውረድ ይችላል። ወደ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የተላከ ሕመምተኛ ለገሃር ወርዶ ቸርችል ጎዳናን ወደ ላይ መያዝ ነው ያለበት። ጎዳናው ዳገት ስለሆነ የደከመ ሰው በእግሩ ባይሞክረው ይሻላል፤ ወደ ፒያሳ የሚወጣ ታክሲ ወይም አውቶቡስ ያደርሰዋል። የኢሚግሬሽን ዋና መሥሪያ ቤትም ከሆስፒታሉ ብዙ አይርቅም።

ከጥቁር አንበሳ በላይ ወዳለው የቴዎድሮስ አደባባይ የዘለቀ የደቡብ ጎንደር ሰው የሚያውቀውን ነገር ያገኛል። እዚያ የቆመው የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ነው። ዋናው መድፍ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ተሠርቶ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው መንገድ እያስጠረጉለት በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ የተጎተተ ነው። በዚህች ሀገር ከባድ ዕቃ ለማጓጓዝ ሲባል መንገድ የመሥራት ታሪክ ከተነሣ ከባቡሩ በፊት የሚጠቀሰው ያ ጉዞ ነው። አምሳያው በአዲስ አበባ እጅግ በሚበዛው የትራንስፖርት ጎዳና ላይ መቆሙ የታሰበበትም ባይሆን ተስማምቷል።

መንገደኛው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች

የመጀመሪያው ስሕተት ባቡር ላይ ነው። በጋራዎቹ አምስት ጣቢያዎች የሁለቱም መሥመር ባቡሮች በአንድ ቦታ ይቆማሉ። ለገሃር ላይ ሆኖ ወደ አውቶቡስ ተራ ለመመለስ የፈለገ ሰው የመጣውን ባቡር ሁሉ ከተሳፈረ ጦር ኃይሎች ሊደርስ ይችላል። በሌላው አቅጣጫም ቃሊቲ ያለ አያት ሊገኝ ይችላል። ከመሳፈር በፊት በባቡሩ ግንባር ላይ የተጻፈውን መድረሻ ማንበብ፣ ማንበብ የማይችልም መጠየቅ ያስፈልጋል። ተሳስቶ የተሳፈረ ሰው አምስቱን ጣቢያዎች ሳያልፍ ካወቀ ምንም አይጎዳም፤ ወርዶ ቀጣዩን ይጠብቃል። ልደታን ወይም ስታዲየምን ካለፈ ግን ተመልሶ መምጣት ግድ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት «አንበሳው ጋ እንገናኝ» የሚል ቀጠሮ ነው። በዚህ ሠፈር አንበሳ ብዙ ነው። የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ከአሮጌው ጣቢያ ፊት ለፊት አለ። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ ሌላ የድንጋይ አንበሳ ተቀምጧል። ሆስፒታሉ ጥቁር አንበሳ ነው፤ አውቶቡሱም አንበሳ ይባላል። ከክፍለ ሀገር የመጣ ዘመድን በዚህ ቃል ብቻ የቀጠረ የአዲስ አበባ ሰው ግማሽ ቀን ቢፈላለግ ሊማረር አይገባም። «ለገሃር፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ በር» ማለት ይሻላል።

ሦስተኛው የነጋዴው ነው። በሰማያዊው መሥመር ላይ አትክልት ተራ የሚባል ጣቢያ አለ። ከፋርጣና ከጉና ግርጌ የመጣ የነጭ ሽንኩርትና የድንች ነጋዴ ስሙን አይቶ ሊወርድ ይችላል። ገበያው ግን በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ከዚያ ተነሥቶ መጀመሪያ ወደ ጃንሜዳ፣ በኋላም በከተማዋ ደቡብ ወዳለው ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄዷል። ጣቢያው እንደ ለገሃር ሁሉ ስሙን ብቻ ይዞ ቀርቷል።

የማይገጥሙት ነገሮች

ለገሃርን መገናኛ ሥፍራ ያሰኘው ሁሉም መጓጓዣ በአንድ አካባቢ መኖሩ ነው። በአንድ አካባቢ መኖርና መገጣጠም ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የባቡሩ ቲኬት በአውቶቡሱ አያገለግልም፤ የአውቶቡሱም በታክሲው። ባቡሩ በድልድይ ላይ፣ አውቶቡሱ በምድር ላይ ነው፤ በመካከላቸው ደረጃ አለ። ሊፍቱ ወይም ተንቀሳቃሽ ደረጃው በማይሠራበት ቀን ያ ደረጃ ለጤነኛ ሰው የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ሲሆን፣ ከቀዶ ሕክምና ለወጣ ሕመምተኛና ለደጋፊው ግን ሌላ ነገር ነው። የሪፈር ወረቀት ይዞ ለሚሄድ ሰው የዚህ ጸሐፊ ምክር አንድ ነው፤ ሲሄዱ በባቡር፣ ከሕክምና ሲመለሱ በታክሲ። ገንዘቡ ቢከብድም ከዚህ ላይ መቆጠብ አይገባም።

ትልቁ ጉድለት ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄደው ጉዞ ከከተማው ውስጥ ጉዞ ጋር አለመያያዙ ነው። ድሬዳዋ ለመሄድ ያሰበ ሰው ለገሃር የሚለውን ስም ሰምቶ ቢሄድ የሚያገኘው አሮጌ ሕንጻ ነው፤ አዲሱ ባቡር የሚነሣበት ፉሪ ለቡ ቀላል ባቡሩ የማይደርስበት ሥፍራ ነው። የድሮው ተሳፋሪ ከጅቡቲ ባቡር ወርዶ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ከተማው መሐል ይገባ ነበር። ሐዲዱ ሲታደስና ፍጥነቱ ሲጨምር ያ ጥቅም ጠፍቷል። ከተማው መሐል መሬት ውድ መሆኑና ከባድ ጭነት የሚጎትት ባቡርን ከሕዝብ መካከል ማውጣት ማስፈለጉ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን የሚያያይዝ አንድ ሐዲድ አለመታከሉ ግን መንገደኛውን ዋጋ ያስከፍለዋል።

ደብረ ታቦርን ጨምሮ በዞናችን ያሉ ከተሞች እያደጉ ናቸው። መናኸሪያ፣ ገበያና ሆስፒታል በየፊናቸው ቦታ ሲሰጣቸው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሰው ባጃጅ ነው፤ የባጃጁን ሒሳብ የሚከፍለው ደግሞ ከወረዳ የመጣው ሰው ነው። ስለ መናኸሪያ ቦታ በሚመከርበት ስብሰባ ላይ ለገሃርና ፉሪ ለቡ ቢጠቀሱ ክርክሩን ያሳጥራሉ።

የመልስ ጉዞው ሰዓት

በአውቶቡስ ተራና በባቡሩ መካከል ያለው ትልቁ አለመግጠም የሚታየው መንገደኛው ጉዳዩን ጨርሶ ሲመለስ ነው። ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር የወጣለት መርሐ ግብር ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ወደ ሰሜን የሚሄዱት አውቶቡሶች ግን የመንገዱ ርዝመት ስለሚያስገድዳቸው ጎሕ ሳይቀድ ነው የሚጭኑት። ተሳፋሪው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ወይም 11 ሰዓት መናኸሪያ መገኘት አለበት። ስለዚህ ለገሃር ወይም መገናኛ አካባቢ ዘመድ ቤት ያደረ ሰው በባቡር እደርሳለሁ ቢል አውቶቡሱ ትቶት ይሄዳል። በዚያ ሰዓት ያለው አማራጭ ኮንትራት ታክሲ ብቻ ነው፤ ባለ ታክሲውም መንገደኛው አማራጭ እንደሌለው ያውቃል።

ልምድ ያላቸው መንገደኞች የሚያደርጉት እንዲህ ነው። ቲኬቱን ከአንድ ቀን በፊት ይቆርጣሉ። ጉዳያቸው ቀን ላይ እንዳለቀ፣ ከሥራ የሚወጣው ሰው ባቡሩን ሳያጨናንቀው ከ10 ሰዓት በፊት ከለገሃር ወይም ከሜክሲኮ ተሳፍረው አውቶቡስ ተራ ይወርዳሉ። ወረቀታቸውንና ገንዘባቸውን በውስጥ ኪስ አድርገው፣ ሻንጣቸውን በፊት ለፊት ይይዛሉ። በመናኸሪያው ዙሪያ ካሉት አልጋ ቤቶች በአንዱ ያድራሉ። የሐኪም ማስረጃ ወይም የፍርድ ግልባጭ የያዘ ሰው ደግሞ ከማደሩ በፊት ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ አንዱን ለብቻ ያስቀምጣል፤ 660 ኪሎ ሜትር ተመልሶ ለአንድ ገጽ ወረቀት እንዳይመጣ።